ሁለት ሰው ይበቃል

«ሁለት ሰው ይበቃል ያልሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

መሰላል ላይ ነበርኩ። አምባ ጊዮርጊስ፣ በገበያ ቀን፣ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ግንባር ላይ ባነር እየሰቀልኩ፣ ሁለት ሚስማር በከንፈሬ ይዤ። ቁልቁል ሳይ ነጭ ሽንኩርቷን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ሽቅብ ታየኛለች። ፀሐዩ ፊት ለፊቷ ነው፤ እጇን እንኳ ግንባሯ ላይ አላደረገችም። ሚስማሮቹን ከአፌ አወጣሁና «ምን አልሽ እትዬ?» አልኳት። ሰምቻታለሁ። ድጋሚ ስትለው ሌላ ነገር ይሆንልኝ እንደሆን ብዬ ነው።

«ምነው፣ ረሳሽው? ቀይ ሹራብ ለብሰሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ቆመሽ። እኔ የጽዱ ዛፍ ሥር ነበርኩ፣ ሆዴን ይዤ። የሺ እባላለሁ።»

የሺ የሚለውን ስም አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። ፊቷን ግን ገና ያን ዕለት ማየቴ ነው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ ጎንደር። ፒያሳ ላይ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ በሃምሳ ሳንቲም የሚነሣበት፣ ሳምቡሳ በብር ከሃምሳ የሚበላበት ጊዜ ነው። ዛሬ የምሠራበት ባነር ቤት ለአንድ ገጽ የምናስከፍለውን ብናገር ያን ጊዜ የነበረ ሰው ይስቅብኛል። ልጃገረዱ ሁሉ እግር ላይ የተጣበቀ ጂንስና ነጭ ሸራ ጫማ ነበር የሚያደርገው፤ እኔ ሸራው አልነበረኝም፣ የወንድሜን እያጠብኩ አደርግ ነበር፣ ጣቱ ላይ ጥጥ ጠቅጥቄ። ባጃጆቹ ከአራዳ ወደ ቁስቋም ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ዘፈን ነው የሚከፍቱት፤ አንዱ ባጃጅ ላይ የጀመርሽውን ዘፈን ወርደሽ በእግርሽ ስትሄዪ ሌላው ይጨርስልሻል። መንገዱም እንደ ልብ ነበር። ጠዋት ተነሥተሽ ወገራ ውለሽ ማታ መመለስ ማንንም የማያስጨንቅበት ዘመን። አሁን እዚያው መንገድ ላይ ስንሄድ ሹፌሩ ሦስቴ ስልክ ይደውላል፣ ከፊት ያለው ደህና ነው ወይ እያለ።

ትምህርት ቤታችን በዚያ ዓመት ውድድር አመጣ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ቡድን ሥሩ፣ የአካባቢያችሁን ሕዝብ የሚያስቸግር አንድ ነገር ፈልጉ፣ መፍትሔ ቀርጻችሁ በእጃችሁ ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። የሚመራን የቴክኒክ መምህሩ ቲቸር አያሌው ነበር። ቡናማ ኮት፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ሜትር። «ሥራ ዓለም ስትገቡ ማንም ፈተና አይፈትናችሁም፤ ሰዓት ታከብራላችሁ፣ ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ፣ ሰው ፊት ቆማችሁ ትናገራላችሁ» ይለን ነበር። የሰዓት መፈረሚያ ደብተር አወጣልን። ዕቃ ከግቢ ስናወጣ የመውጫ ወረቀት እንሞላ ነበር። ሰው ፊት ስትቆሙ «ይመስለኛል» አትበሉ ይላል፤ ይህችን ወደድኳት። ሌላም ነገር ይላል፦ ባለጉዳዩን ስሙ፣ ያለውን እንዳለ ጻፉ። ይህችንም ጻፍኳት። መጻፍ መቼ ያቅተኛል!

ሦስታችን እኔ፣ ሳምራዊትና መልኬ ነበርን። ሳምራዊት ትስላለች። መልኬ ከወገራ ገጠር መጥቶ ቁስቋም ቤት ተከራይቶ የሚማር ዝምተኛ ልጅ ነው፤ እናቱ የምትልክለትን በሶ እየበጠበጠ ያጠጣናል፣ እኛ ደግሞ ስኳር ይዘን እንሄዳለን። እኔ መሪ ሆንኩ። ለምን ቢባል፣ አፍ ስላለኝ።

ችግሩን ያመጣው መልኬ ነው። መንደራቸው ከአስፋልቱ ሁለት ሰዓት በእግር ይርቃል፤ ታማሚ ሲኖር በቃሬዛ ነው የሚወርደው። አብረን ሄድን። መንገዱ ላይ ወንዝ አለ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ሳምራዊት አንድ ጫማዋን ውኃ ወሰደባት፣ እኔን መልኬ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ይህን የምጽፈው ወንዙን አይቼው እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። አላየሁም እንዳልል።

የመልኬ አጎት አያ ጌጡ የቃሬዛው ዳኛ ነበሩ። ቤታቸው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠየቅናቸው። ሰው ሲታመም ጥሪ ይጠራል፣ ተረኛ ከሆኑት ቤቶች ስምንት ወንድ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ባዶ እጃቸውን ጎን ጎን ይሄዳሉ፣ ሲደክም ይቀያየራሉ። በእኔ ደብተር ላይ አራቱ «ያለ ሥራ የሚሄዱ» ተብለው ሰፈሩ። ከጎኑ «ብክነት» ብዬ ጻፍኩ። ቲቸር ያስተማረን ቃል ነው፤ አዲስ ቃል እጄ ሲገባ የማላስቀምጥበት ቦታ የለም።

«አያ፣ ጎማ ብናደርግለትስ? ሁለት ሰው ቢገፋው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ጎማው ሸጋ ነው። ሜዳው ላይ ትከሻችንን ያሳርፍልናል። ወንዙ ላይስ ጎማሽ ይዋኛል?»

«ሁለቱ ያነሡታላ።»

«የምን ሁለት! ስሚኝ ልጄ። ጎማውን ሥሩልን፣ እንመርቃችኋለን። ስምንቱን ግን አትንኩብኝ። ሁለት ይበቃል ከተባለ ሌላው ከቤቱ አይወጣም፤ እኔም ለምን ቀረህ ብዬ አልቀጣውም። ጻፍሽው?»

«ጻፍኩ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። «ጎማው ሸጋ ነው። ስምንቱ ግን ይውጡ።» እንዲህ ብዬ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

«እንዲያ ነው» አሉና ገብስ ቆሎ በሁለት እጃቸው ዘግነው ሰጡኝ።

አራዳ ብየዳ ቤት ሄደን አሠራነው። የውኃ ቱቦ ብረት፣ አሮጌ የባጃጅ ጎማ፣ መሐሉ ላይ የድንኳን ሸራ። በያጁ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ይኼ ነገር ከበሽተኛው አይከብድም?» ሲለን ሳቅንበት። እውነትም ከእንጨቱ ቃሬዛ እጥፍ ይከብዳል። የሞከርነው ከቁስቋም ቁልቁል ነው፤ ሳምራዊት ታማሚ ሆና ተኛች፣ እኔና መልኬ ያዝነው፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ያየን ሁሉ አጨበጨበ። ሽቅብ ስንመልሰው ሳምራዊት ወርዳ በእግሯ ነው የመጣችው። ይህን ግን ፎቶ አላነሣነውም።

የውድድሩ ወረቀት ላይ አንድ ሣጥን ነበር፦ «ከዚህ በፊት የሚፈልገው የሰው ኃይል፣ አሁን የሚፈልገው የሰው ኃይል።» በመጀመሪያው ስምንት ብለን ሞላን። ሁለተኛው ላይ ሳምራዊት እስክሪብቶዋን አንሥታ «ምን ልበል?» አለች። መልኬ «አያ ጌጡ እኮ…» ብሎ ጀመረ። «ስምንት ከስምንት ብለን ነው የምናሸንፈው?» አልኩት። ወደ ሳምራዊት ዞሬ «ሁለት በይ» አልኳት። ጻፈች። በሥዕሉም ላይ ስምንት ሰዎች ስላ ስድስቱን በቀይ ሰረዘቻቸው።

በከተማው አንደኛ ወጣን። ቃሬዛውን ለመንደሩ ስናስረክብ እሑድ ነበር፣ ቅዳሴ ሲያበቃ። የሳምራዊትን ቀይ ሹራብ ተውሼ ለብሻለሁ። ከቀበሌ የመጣው ሰውዬ ተናገሪ ሲለኝ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊት ለፊቴ፣ ከኋላው የገብሱ ማሳ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምንት ሰው ከሥራው አይፈታም፣ ሁለት ሰው ይበቃል!» አልኩ። «ይመስለኛል» አላልኩም። እልል ተባለ። አያ ጌጡ ጋቢያቸውን እንደ አዲስ ተከናነቡ፤ ስወርድ ጠብቀው «ያነበብሽልኝ እንዲያ ነበር?» አሉኝ።

«አያ፣ በአጭሩ ስለተጻፈ ነው» አልኳቸው።

በአጭሩ። ይኸው ዛሬ ቁርስ ስበላ፣ መኪና ስጠብቅ፣ ሰው ሲያወራኝ መሐል ላይ ትመጣብኛለች ይህች መልስ። ሰባት ሥራ ቀይሬያለሁ። ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ የትኬት ቢሮ፣ ስንቱ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ሰው «ቁንጣን ነው የያዘሽ» ይለኛል። አለቃ ሲዋሽ ካየሁ ፊት ለፊት ተናግሬ እወጣለሁ፤ በዚህም ቀጥተኛ ነሽ እየተባልኩ እመሰገናለሁ። ሲያመሰግኑኝ ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

የገብስ አጨዳ ደረሰ። የሺ ምጥ ያዛት፣ በጠዋት። ጥሪ ተጠራ፣ እንደ አዲሱ ደንብ ባሏና አንድ ተረኛ ብቻ ወጡ። ሌላው ሰው ማሳው ላይ ነው፤ ምነው አትወጡም የሚል የለም፣ ሁለት ይበቃላ። ወንዙ ድረስ ጎማው ሄደ። ወንዙ ላይ በሁለት ድንጋይ መሐል ተቀርቅሮ ቸርኬው ተጣመመ። ሁለቱ ብረቱን ከነሰውዋ ማንሣት አቃታቸው። ባሏ ሰው ሊጠራ ሽቅብ ሮጠ፣ ሰው ደግሞ በየማሳው ተበትኗል። ስምንት ሰው እስኪሰበሰብ ፀሐይ ዞረች። ልጁ እዚያው ወንዙ ዳር ተወለደ። አላለቀሰም። እናቱን በስምንት ትከሻ አስፋልት አደረሷት፤ እሷ ተረፈች።

ይህን ሰኞ ዕለት የነገረኝ መልኬ ነው፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ አረንጓዴው የውኃ ጋን አጠገብ። ሲነግረኝ እያየኝ አልነበረም፣ ጋኑን ነው የሚያየው። ጨረሰ። እኔ ምን አልኩ? ነፍስ ይማር አላልኩም። «የክልሉ ውድድር አሥር ቀን ነው የቀረው። እዚያ እንዳትናገር» አልኩት።

መልኬ ለውድድሩ ባሕር ዳር አልመጣም። አሞኛል አለ። እኔና ሳምራዊት ሄድን፣ አዲስ የትምህርት ቤት ሹራብ ተሰጥቶን። ከዳኞቹ አንዷ ነጭ ጋወን የለበሰች ነርስ ነበረች። «ሰዎቹ ተጠቅመውበታል?» አለችኝ።

«አዎ። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ሐኪም ቤት ደርሳለች» አልኳት። ሳምራዊት ምንም አታውቅም፤ ደስ ብሏት እጄን ጨበጠችኝ።

ሦስተኛ ወጣን፤ ቦርሳና ምስክር ወረቀት ተሰጠን። ትምህርት ቤቱ ትልቅ ባነር አሳትሞ መምህራን ቢሮ ኮሪደር ላይ ሰቀለው፦ እኔ በቀይ ሹራብ እያመለከትኩ፣ «ከስምንት ወደ ሁለት» በትልቁ፣ ከሥር «አንዲት እናት በሰላም ሐኪም ቤት ደርሳለች»። «በሰላም» የሚለውን እኔ አላልኩም፤ ማን እንደጨመረው አላውቅም፤ ሲጨመር ግን ዝም ብያለሁ። መልኬ ከዚያ በኋላ በሶ ጠጡ ብሎን አያውቅም። እኔም ስኳር ይዤ አልሄድኩም።

ከመሰላሉ ወረድኩ። የሺ ሽንኩርቷን ማስተካከል ጀምራለች። ቁጢጥ ብዬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «አያ ጌጡስ?» አልኳት።

«ዐረፉ። ሁለት ዓመታቸው። ጎማውን በመጥረቢያ አስወልቀው፣ ስምንቱን መልሰው ነው የሞቱ።» ገዢ መጣ፣ መዝና ሸጠችለት፣ ብሩን ጡቷ ሥር ከተተች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ታናሽ እህቴ ብርቱካን እዚያ ትምህርት ቤታችሁ ገብታለች። ያን ጨርቅ በየቀኑ ታየዋለች። በስልኳ አንሥታ ላከችልኝ፤ አንቺን ያወቅሁሽ በሱ ነው። 'አንዲት እናት' የተባልኩት እኔ ነኝ አሉ።»

«ይቅር በይኝ እትዬ» አልኩ።

«ይቅርታውን ተይው፣ እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን። ልጅቱ አውርዱት ብትላቸው 'ስለ መንደራችሁ ነው፣ ደስ ይበልሽ' አሏት። ደስ ይበልሽ! እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሷ ግን ትችላለች። አንቺ ሰቅለሽዋል፣ አንቺ አውርጂው። ሥራሽ እንደሁ ይኸው ነው» አለችና መሰላሉን በአገጯ አመለከተችኝ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ ያሉት ዘበኛ ተለውጠዋል፤ ግቢው ግን ያው ነው፣ ያው አረንጓዴ ጋን እንኳ አለ፣ ዝጎ። ልጆቹ አሁን ሰፊ ሱሪ ነው የሚለብሱት። እረፍት ሰዓት ነበር፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው ካርቶን ይቆርጣሉ፣ ሙጫ ይሸታል። አንዱ ቡድን ለዓይነ ስውር ሰው መሻገሪያ የሚሆን ነገር እየሠራ ይጨቃጨቃል፤ «ጠየቅናቸው እኮ!» ትላለች አንዷ፣ «የጠየቅናቸውን ተይው፣ ነጥቡን እይ» ይላታል ሌላው። እግሬ ቆመ። ከዚያ ባነሩን አየሁት። ቀዩ ሹራብ በፀሐይ ነጥቶ ሮዝ ሆኗል። ፊቴ ግን ምንም አልሆነም፤ ያው ፊት፣ ያው እርግጠኛ ጣት።

«ፍሬ! ባለ ጎማዋ!» ቲቸር አያሌው ነው። ሸብቷል። ያው ቡናማ ኮት። ትከሻውን ከትከሻዬ አጋጨና «በደህና መጣሽ! በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች ይመጣሉ፣ ለልጆቹ አንድ ነገር ትነግሪልኛለሽ ብዬ ስልክሽን እያፈላለግሁ ነበር» አለኝ።

ቆመን ነገርኩት። ሁሉንም። ወንዙን፣ ሰኞውን፣ ነርሷን፣ የሺን። ስጨርስ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ፣ ጥቂት ሳበው፣ መልሶ ለቀቀው።

«የልጁን ሞት አላወቅሁም» አለ። «ስምንቱን ግን ዐውቅ ነበር። ደብተርሽን እኮ ያረምኩት እኔ ነኝ። 'ስምንቱ ግን ይውጡ' የሚለውን በቀይ አስምሬበት ነበር።»

ትዝ አለኝ። ቀዩን መስመር አይቼ ገጹን ገልብጬዋለሁ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ ቲቸር?»

«ራስሽ ታነሺዋለሽ ብዬ።» ሜትሩን ደግሞ ሳብ አድርጎ፣ «ዳኞቹም ቁጥር ይወዱ ነበር» አለ። ወደ ልጆቹ ተመለከተ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ይቆይ። አንድ ሳምንት ነው። ባዶ ግድግዳ…»

«ዛሬ ነው የማወርደው» አልኩት።

ከቢሮ ወንበር አመጣሁ። ፒንሳዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ስወጣበት ተነቃነቀ፤ ቲቸር ጎንበስ ብሎ ያዘልኝ። የመጀመሪያው ሚስማር ዝጎ ስለነበር ሲወጣ ጮኸ፣ ልጆቹ መቀሳቸውን አቁመው ዞሩ። ከሴቶቹ ልጆች የትኛዋ ብርቱካን እንደሆነች አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም። አሥራ ሁለት ሚስማር ነበር። «ምን ሆኖ ነው ቲቸር?» አለ አንዱ። ቲቸር ቀና ብሎ አየኝ።

«ውሸት ስለሆነ ነው» አልኩት ለልጁ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት። ስምንት ሰው ነበር የሚያስፈልገው። ሁለት አልበቃም፣ ሕፃን ሞተ።»

ደወሉ ተደወለ፤ ቀስ እያሉ ካርቶናቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ግድግዳውን እያየች ቆየች፤ ባነሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቀለሙ አዲስ ነው። ከዚያ እሷም ገባች።

ባነሩን ጠቀለልኩት። ቲቸር ቢሮው ገብቶ የመውጫ ወረቀት ይዞ ወጣ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሞላው፤ «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ላይ «ባነር፣ አንድ» ብሎ ጻፈ፣ «ምክንያት» የሚለው ላይ ብዕሩ ቆመ። ወረቀቱን ከነብዕሩ አቀበለኝ። «የተጻፈው ልክ ስላልሆነ» ብዬ ሞላሁ። ፈረመበት። ሜትሩን ኪሱ ከተተና ወደ ክፍል ሄደ።

ዘበኛው ወረቀቱን ገልብጠው ገለባብጠው አዩት። «ተረከበ የሚለው ላይ ስምሽ የለም» አሉኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩና ሰጠኋቸው። በሩን ከፈቱልኝ። ጥቅሉን በብብቴ ይዤ ወጣሁ፣ የሺን ፍለጋ የአምባ ጊዮርጊስ መኪና ወደሚነሣበት ወረድኩ።